አሥራ ሁለት

ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በስታዲየም በኩል ባለፍኩ ቁጥር ግን ያቺ የቃለ መጠይቅ ክፍል ትዝ ትለኛለች።

ሥራው የቡና ገበሬዎች ማኅበራት ቦርዳቸውን ከመምረጣቸው በፊት የአባላቱን መዝገብ ማደስ ነበር። ገበሬው ጅማ ዞን ነው፤ መዝጋቢ የምንቀጥረው ግን አዲስ አበባ። ማስታወቂያውን አራት ኪሎ ለጠፍን፣ ቴሌግራም ላይም ለቀቅነው። በሦስት ቀን ውስጥ ጠረጴዛዬ በሲቪ ተሞላ። ኦሮምኛ የሚችለውን ስንለይ ግማሹ ቀረ።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበርን። ነጥብ መስጫው ቅጽ ላይ «ፍጥነት» የሚል መስመር አለ። 20 ነጥብ ይይዛል። ጥያቄው ደግሞ «በቀን ስንት ገበሬ ትመዘግባለህ?» የሚል ነው። ሠላሳ ያለ አለ፣ አርባ ያለ አለ፣ አንዱማ ሃምሳ አለን።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ገባች። ያላት ዲፕሎማ ነው። አራት ዓመት ገጠር ቀበሌ ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆና ሠርታለች። እሷንም ያንኑ ጠየቅኳት።

«አሥራ ሁለት» አለች።

«ሌሎቹ እኮ አርባ ነው ያሉን።»

«አርባ ስም በቀን መጻፍ ይቻላል። አርባ ገበሬ ማግኘት ግን አይቻልም።»

የፋይናንስ ኃላፊያችን ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያት። እሷ ረጋ ብላ ቀጠለች። በለቀማ ጊዜ ገበሬው ጎህ ሲቀድ ቡናው ውስጥ ይገባል፣ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ቤቱ ቢኬድ የሚገኙት ልጆች ናቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ ይገኛል፣ በገበያ ቀን ደግሞ መንገድ ላይ።

«ደግሞ አሮጌው መዝገብ ውስጥ የሞተ ሰው አለ» አለች። «ሚስቲቱ በሟች ባሏ ስም ቡና ታስረክባለች። እሷን ሳላገኝ ስሙን ብገለብጥ፣ በምርጫው ቀን የሚጠራው የሞተ ሰው ነው።»

ይሄን ሁሉ ሰምቼ ለፍጥነት 6 ነጥብ ሰጠኋት። ውሉ የሚከፈለን በስም ብዛት ነው ይላል፣ የጊዜ ገደቡም ያስጨንቀኝ ነበር። ሁለተኛ ተጠባባቂ ሆነች።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ያኔም አውቀዋለሁ። በማኅበሩ አንድ ዕጣ (የአባልነት ድርሻ) ያለውም ሃያ ዕጣ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬ ከትልቁ እኩል የሚሆንበት ቀን ቢኖር የምርጫው ቀን ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ ከሌለ ግን ያቺም ቀን ትቀርበታለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ ደስ ይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ታብሌቶቹ የላኩትን የጂፒኤስ ነጥብ ካርታ ላይ ከፈትኩት። የአንዱ መዝጋቢ 43 ገበሬዎች አንድ ግቢ ውስጥ ተቆልለዋል። ደወልኩለት።

«የት ነህ?»

«ማኅበሩ ቢሮ። መዝገቡ እዚህ ስላለ ከእሱ እያስገባሁ ነው።»

ድምፁ ውስጥ ምንም መደንገጥ የለም። የጠየቅነውን ቁጥር ነው ያመጣልን።

በማግስቱ ሌላ ስልክ ተደወለ። የወጣት ልጅ ድምፅ ነው። የእናቱ ስም ዝርዝሩ ላይ እንደሌለ ነገረኝ። የአባቱ ግን አለ።

«እስቲ አባትህን አቅርብልኝ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እሸት ቡናውን የምታስረክበው እናቴ ናት። ደረሰኙ ሁሉ እጇ ላይ አለ።»

ይቅርታ ማለት እንኳ አልመጣልኝም። ስሟን ጻፍኩ። ስልኩ ሲዘጋ መሳቢያዬን ከፍቼ የዚያችን ልጅ ቅጽ አወጣሁ። 6 ነጥቡ በራሴ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

ያን ዕለት ማታ ደወልኩላት። ሥራ አላገኘችም ነበር። አልወቀሰችኝም። «በቀን ስንት ነው የሚፈለገው?» ብቻ አለችኝ።

«ያገኘሽውን» አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን የላከችው ዘጠኝ ስም ነበር። ሦስቱ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ናቸው። አለቃዬ «ዘጠኝ?» እያለ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ተቀመጥ አልኩትና ስሞቹን ከአሮጌው መዝገብ ጋር እያስተያየሁ አንድ በአንድ አሳየሁት። ዝም ብሎ አይቶ ወጣ።

የዚያ ልጅ እናት ተመዘገበች። ነገር ግን ጊዜው አልቆ ነበር። ከአምስቱ ማኅበራት እንደገና ማዳረስ የቻልነው ሁለቱን ብቻ ነው። ሦስቱ በተገለበጠው መዝገብ መረጡ። እስከዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይሄ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለሌላ ምዝገባ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ለጥፈናል። ቅጹ ላይ «ፍጥነት» የሚለው መስመር ከነ20 ነጥቡ አሁንም አለ። እንዲወጣ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ቃለ መጠይቁ ሰኞ ነው፤ ሦስተኛውን ደብዳቤ ዛሬ አስገብቻለሁ።