በሩን ዘግተን የጸለይነው

ወንድሜ ብስክሌተኛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በክለብ ይወዳደር ነበር፤ ሁለት ዋንጫዎቹ ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ አሉ። ክፍሉ ግድግዳ ላይ ግን የለጠፈው የብስክሌተኛ ፎቶ አልነበረም። የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪው ማይክል ሹማከር ነበር፤ ቀይ ልብሱን ለብሶ፣ ፌራሪው አጠገብ ቆሞ። ወንድሜ ጎረቤት ቤት በዲሽ ፎርሙላ ዋን እያየ ነው ያደገው። ሰውየው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2004 አምስት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ የወንድሜ የሂሳብ ደብተር በነጥብ ተሞልቶ ነበር።

ሹማከር የወደቀው ታኅሣሥ 20 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 29 ቀን 2013፣ እሁድ። ቀኑን የማልረሳው እማዬ ቁልቢ ገብርኤልን አንግሣ እየተመለሰች ስለነበር ነው። 7 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ፣ 91 ውድድር ያሸነፈ ሰው፣ ከመኪናው ወርዶ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ፈረንሳይ ሜሪቤል ላይ ከልጁ ጋር በረዶ ላይ ሲንሸራተት ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ሄልሜት አድርጎ ነበር። ወንድሜ ያን ማታ እራት አልበላም። እኔ ሳቅሁበት። «ለማያውቅህ ፈረንጅ?» አልኩት።

ግንቦት 2010 ላይ የእኛ ተራ ደረሰ። ሊነጋጋ ሲል በሰንዳፋ መንገድ ልምምድ ላይ እያለ ጉድጓድ ሲሸሽ የጭነት መኪና ገጨው። እሱም ሄልሜት አድርጎ ነበር። «ታዲያ ለምን አላተረፈውም?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። ሄልሜት ቅሉን ይጠብቃል እንጂ፣ አንጎል ግን ቅል ውስጥ እንደ እርጎ ይናጣል አሉኝ። ሲያብጥ ደግሞ መሄጃ የለውም። ለዚህ ነው በመድኃኒት አስተኝተው፣ በማሽን እያስተነፈሱ፣ አንጎሉን የሚያሳርፉት።

በዚያው ቀን «መጠኑ 5 ነው» አሉን። እማዬ «ከስንት?» አለች። «ከ15» አሉ። ዐይን መግለጡን፣ መናገሩን፣ መንቀሳቀሱን እየቆጠሩ ነው ነጥብ የሚሰጡት፤ 8 እና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ነው። የመጨረሻው ዝቅተኛ ደግሞ 3 ነው። እማዬ ትንሽ አሰበችና «ዜሮ የለውም?» አለች። የለውም። «ዜሮ ከሌለውማ እግዚአብሔር ቦታ ትቷል» ብላ ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከች። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች።

የእኔ ጸሎት አጭር ነበር። «እንደ ድሮው አድርግልኝ።» የእማዬ ከዚያም ያጥር ነበር። «እህል ውሃ በአፉ ይግባ።» ያኔ ይሄ ትንሽ ልመና መሰለኝ። እንዲያውም ተናድጄባት ነበር፤ ከተለመነ አይቀር ምነው ብዬ።

በ19ኛው ቀን ዐይኑን ገለጠ። እልል ብለን ለዘመድ ሁሉ ደወልን። ስህተታችን እሱ ነበር። ዐይን መግለጥና መንቃት አንድ እንዳልሆኑ አላወቅንም። ያየናል ግን አያየንም። ጠያቂው ግን መጣ። ብርቱካን ይዞ፣ ለስላሳ ይዞ፣ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ሁሉም አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ «እኔ ማነኝ? ታውቀኛለህ?» ይለዋል። በቀን ሃያ ጊዜ ፈተና። ሰው ሲወጣ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ቤት ካስገባነው በኋላ አንዱ፣ በክፋት አይደለም፣ ፎቶ አንስቶት ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። በአፍንጫው ቱቦ፣ ራሱ ተላጭቶ፣ አፉ ተከፍቶ። «ጸልዩለት» ነው የሚለው ጽሑፉ። እስከ ማታ «ነፍስ ይማር» የሚሉ አስተያየቶች ሞሉት። በማግስቱ ሁለት አክስቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። ልጁ ቤት ውስጥ በሕይወት አለ! የሚሰማ ከሆነስ?

ያን ቀን ነው ኮሪና ትዝ ያለችኝ፤ የሹማከር ሚስት። ባሏ ግሬኖብል ሆስፒታል ተኝቶ ጋዜጠኛው በር ላይ ሲሰፍር፣ እባካችሁ ሆስፒታሉን ልቀቁ፣ ቤተሰባችንንም ተዉት ብላ በአደባባይ ለምናለች። አንድ ጋዜጠኛ የቄስ ልብስ ለብሶ ክፍሉ ሊገባ ሲል መያዙን የሹማከር ሥራ አስኪያጅ ተናግራ ነበር። በፈረንጆቹ ጁን 2014 ከኮማ መውጣቱን ነገሩን፤ በሴፕቴምበር ስዊዘርላንድ ወደሚገኘው ቤቱ ገባ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። እኔ ያኔ ሴትዮዋን አምቻት ነበር። «የሚወደው ሰው ሚሊዮን ነው፤ አንዴ ብታሳየን ምን አለበት?» ብዬ። አፌ ይቆረጥ።

እኔም በሩን ዘጋሁ። እማዬ አልቻለችም። ጠያቂ መመለስ በእኛ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ነውር ነው፣ እኔ ሰው ያሳደገኝ ነኝ» ትላለች። ሰፈሩም «ደብቀውታል»፣ «አብዷል»፣ «ሞቶ ነው» ይል ጀመር። አጥማቂ ነኝ የሚል ሰው መጥቶ ሊጸልይለት ፈቀድኩ፤ ለካ ልጅ አስከትሎ በስልክ እያስቀረጸ ነበር። የቄስ ልብስ የለበሰው ጋዜጠኛ ትዝ አለኝ። አስወጣሁት።

እማዬን ያሳረፏት የነፍስ አባታችን ናቸው። ቡና ቀርቦላቸው፣ መኝታ ቤቱን ሳያዩ፣ ሳሎን ቁጭ ብለው እንዲህ አሉ። «ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሳ አልቃሹን ሁሉ አስወጥቶ ነው። አባትና እናቷን፣ ከደቀ መዛሙርቱም ሦስቱን ብቻ ይዞ ገባ። ከተነሳችም በኋላ ለማንም አትንገሩ አለ። የምትበላውን ስጧትም አለ።» እማዬ የመጨረሻዋን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ሳሎን ይገባል፣ ቡና ይጠጣል፣ ይጸልያል፣ ይሄዳል። ያልገባው ተቀየመን። አንዳንዱ እስከ ዛሬ አላነጋገረንም።

በአራተኛው ወር መዋጥ መማር ጀመረ። እማዬ ጸበል በሃይላንድ ቀድታ ትጠብቅ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ ግን ከለከላት። ውሃ ቀጭን ስለሆነ መንገዱን ስቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ወፈር ባለው ነገር ነው የሚጀመረው። ጸበሉን ግንባሩን ቀባችው። አጥሚት አፈላች። አንድ የሻይ ማንኪያ። ጉሮሮው ላይ ያለችው እብጠት ከፍ ስትል፣ ስትወርድ አየን። እማዬ እልልታዋን በነጠላዋ አፈነችው፤ ጎረቤት ሰምቶ እንዳይመጣ። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያ ውሃው ያ ጸበል ሆነ።

ጸሎቷ ተመለሰላት፤ ቃል በቃል። የእኔ ግን አልተመለሰም። ወንድሜ እንደ ድሮው አይደለም። ግራ እጁ ደካማ ነው፣ በከዘራ ይሄዳል፣ ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት ይጠይቀኛል። ንዴቱ የሌላ ሰው ነው፤ ይሄ የጉዳቱ አካል መሆኑን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እስከዚያ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ቀልዱ ግን የራሱ ነው። ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው።

በ2021 በፈረንጆቹ ኮሪና በአንድ ዘጋቢ ፊልም ላይ ቀርባ ማይክል ሁልጊዜ ይጠብቀን ነበር፣ አሁን እኛ እንጠብቀዋለን የሚል ነገር ስትናገር አብረን አየናት። ወንድሜ ከዘራውን መሬት መታ። «አንቺም እንደሷ ነሽ» አለኝ። ብዙ አይናገርም፤ ለእኔ ያ ይበቃኛል። በ2023 ደግሞ አንድ የጀርመን መጽሔት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የፈጠረውን የሹማከር «ቃለ ምልልስ» አተመ። አዘጋጇ ተባረረች፣ ቤተሰቡም 200,000 ዩሮ ካሳ አገኘ። ወንድሜ ሲሰማ «ሰውየውን ሳይናገር አናገሩት» ብሎ ቀኑን ሙሉ ተቆጣ።

ስለታችንን ያገባነው በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ነው። እማዬ ከዚያ በፊት ልትሄድ ትችል ነበር፤ እሱ በእግሩ እስኪቆም አልሄድም አለች። ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ላይ ወንድሜ ጃንጥላውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ከዘራውን እኔ ይዤለት፣ በሕዝቡ መሃል ገባን። ማንም አላወቀውም። ማንም ስልክ አላነሳም።

ስንወጣ ስልኩን አየና ቆመ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 29 ነበር፤ ያ ዓመት በአንድ ቀን ስለሚገፋ። «ዛሬ 10 ዓመቱ ነው» አለ። ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ገባኝ። ጠዋት የነገርኩትን የሚረሳ ሰው! እማዬን ጧፍ እንድታበራለት ጠየቃት።

«ለማን?»

«ለሹማከር።»

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

ሳቀ። «ማይክል ማለት እኮ ሚካኤል ነው» አላት።

«ሚካኤል! ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ» አለችና ጧፉን ለኮሰች። ከዚያ ዞር ብላ «ዳነ ሰውየው?» አለችው።

«ቤተሰቦቹ ያውቃሉ» አላት።