አላይነሬን በየስንት ቀኑ ቀየርኩ?

አላይነር፣ ማለትም ጥርስ ለማስተካከል የሚደረግና በየጊዜው በሚቀጥለው የሚቀየር ግልጽ ፕላስቲክ፣ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «በየስንት ቀኑ ነው የምትቀይሪው?» አንዷ ጓደኛዬ በየሳምንቱ ትቀይራለች። ሌላዋ ሁለት ሳምንት ጠብቂ ተብላለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ቶሎ ልገላገል ብሎ በየአምስት ቀኑ ይቀይራል፤ ማን እንደፈቀደለት እንጃ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ቀን ነው። እኔን ግን የጠቀመኝ ሰዓት መቁጠርና መስታወት ማየት ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው ነበር። ከላይ ደግሞ ከመሀለኞቹ ቀጥላ ያለችው ትንሿ ጥርስ ጠመም ብላ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። መሀል ላይ ፍንጭት አለኝ። ዶክተሯ የጥርሴን ምስል ኮምፒውተር ላይ እያገላበጠች መጨረሻውን አሳየችኝ። ፍንጭቴ የለም! «ኧረ እሱን አትንኪብኝ» አልኳት። ፈረንጅ ናት፣ ገረማት። እኛ ጋ ፍንጭት ቁንጅና እንደሆነ፣ እናቴም አያቴም እንዳላቸው አስረዳኋት። ሳቀችና ፕላኑን ቀየረችው። ማታ ለእማዬ ደውዬ ሳወራት ዋጋውን እንኳ አልጠየቀችኝም። «ልጄ፣ ፍንጭትሽን እንዳያጠፉት!» ነበር ያለችው። ፍንጭታችሁን የምትወዱ ከሆነ የምትናገሩት ያኔ፣ ፕላኑን ሳታጸድቁ ነው። አላይነሩ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ እንደገና ስካን፣ እንደገና ሥራ ይሆናል።

ወደ ቀኑ ልመለስ። እያንዳንዱ አላይነር ጥርስን የሚገፋው ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.25 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የጥርስን ሥር ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ጅማት አለ። ፕላስቲኩ ሲገፋ ጅማቱ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላው በኩል ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል አጥንት የሚበሉ ሴሎች መጥተው ቦታ ይከፍታሉ። በተወጠረው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። ይኼ ቀናት የሚፈጅ ሥራ ነው። ግፊቱ ሲቋረጥ ደግሞ ጥርሱ ወደነበረበት መመለስ ይጀምራል። ለብዙ ሰዓት አውጥታችሁ ስትመልሱት ጠበቅ የሚላችሁ ለዚህ ነው።

የጓደኞቼ መልስ ለምን እንደተለያየም በኋላ ነው የገባኝ። ኢንቪዛላይን የሚባለውን ታዋቂ አላይነር የሚሠራው ኩባንያ፣ አላይን ቴክኖሎጂ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው። ለብዙ ዓመታት የተለመደው በየሁለት ሳምንቱ መቀየር ነበር። በ2016 ነው ኩባንያው በየሳምንቱ መቀየርን መምከር የጀመረው። ስለዚህ ቀደም ብሎ የጀመረ ሰውና ዘንድሮ የጀመረ ሰው የተለያየ ነገር ቢነገራቸው አይገርምም። ደግሞም ሐኪሙ እንደ ጥርሱ ዓይነት ይወስናል። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት 7፣ 10 እና 14 ቀንን አነጻጽሮ ነበር። አንዳንድ የኋላ ጥርሶች እንቅስቃሴ ላይ 14 ቀኑ የተሻለ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ለቀረው ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም።

እኔን በ7 ቀን አስጀመሩኝ። በቀን 22 ሰዓት አፌ ውስጥ እንዲውል ነው ትእዛዙ። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። 22 ሰዓት በ7 ቀን 154 ሰዓት ይሆናል። በቀን 18 ሰዓት ብቻ የሚያደርግ ሰው በሳምንት የሚሞላው 126 ነው። 28 ሰዓት፣ ከአንድ ቀን በላይ ማለት ነው፣ ጎደለበት። ያ ሰው 154 ለመሙላት ስምንት ቀን ተኩል ገደማ ያስፈልገዋል። ሁለቱም «በየሳምንቱ እቀይራለሁ» ይላሉ፤ ጥርሳቸው ግን እኩል አልተገፋም። እኔ ስልኬ ላይ ሳወጣው ሰዓት እያስነሳሁ፣ ስመልሰው እያቆምኩ መያዝ ጀመርኩ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ጊዜው በየት በየት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

የኔ የሚሄደው በቡና ነው። አንድ እሑድ የጓደኛዬ እናት ቤት ሄድን፤ እትዬ ነው የምላቸው። ገና ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ በእንጀራ የተጠቀለለ ክትፎ በእጃቸው ይዘው መጡ። አላይነሩ አፌ ውስጥ ነው። «እትዬ፣ አንዴ ይጠብቁኝ፣ ጥርሴን ላውልቅ» አልኳቸው። ክው አሉ። «ምነው ልጄ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገባሽ እንዴ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መታጠቢያ ቤት ሮጬ አውጥቼው መጣሁና ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል አሉና ደገሙኝ። ከዚያ ቡናው ቀረበ። አቦሉን ጠጥተሽ ሂጂ የሚል የለም፤ ቶና አለ፣ በረካ አለ። አላይነሩ በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየ።

አላይነር አፍ ውስጥ እያለ ቡና መጠጣት አይቻልም ወይ ለምትሉ፣ እኔ አላደርገውም። ቡናው ፕላስቲኩን ያበልዘዋል። ሙቀቱ ቅርጹን ያበላሸዋል። ስኳር ካለው ደግሞ በጥርሱና በፕላስቲኩ መሀል ታምቆ ይቀመጣል፤ ጥርስ የሚበላው እሱ ነው። አልጫ በልቶ ሳይቦርሹ መመለስም እንደዚያው ነው፤ እርዱ ቢጫ አድርጎ ይተወዋል። እትዬ ቤት እንዲህ ያለ እሑድ ባሳለፍኩበት ሳምንት በሰባተኛው ቀን አልቀይርም ነበር። ዶክተሯን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ አንድ ቀን መጨመር ምንም ጉዳት የለውም፣ መቀነስ ግን አይሆንም አለችኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። ቁርስ የለ፣ የጠዋት ቡና የለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላይነሩ ካፌ አይወጣም። ከዚያ በኋላ አንዴ ደህና አድርጎ መብላት ነው። 22 ሰዓቱን ያለ ጭንቀት የሞላሁት በጾሙ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አፍ ግን ይደርቃል፣ ሽታም ያመጣል። ስለዚህ ጠዋት ጥርሱንም ፕላስቲኩንም መቦረሽ ግድ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በሙቅ አይደለም።

አሁን ወደ ትንሿ ጥርስ ልምጣ፤ ስለ ቀን ያለኝን ሐሳብ የቀየረችው እሷ ናት። የታችኞቹ ሳምንት በሳምንት እየተስተካከሉ ነበር። ሰዓቴም ሙሉ ነበር። አንድ ማታ ግን መስታወት ፊት በስልኬ መብራት ሳይ፣ በዚች ጥርስ ጫፍና በፕላስቲኩ መሀል የተቆረጠ ጥፍር የምታህል ክፍተት አየሁ። ሌሎቹ ጥርሶች ፕላስቲኩን ጥርቅም አድርገው ሞልተውታል። እሷ ብቻ ቀርታለች። ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

ዶክተሯ አልተደናገጠችም። እነዚህ ጥርሶች ትንንሽና ልሙጥ ስለሆኑ ፕላስቲኩ ያንሸራትታቸዋል አለችኝ። በተለይ ማዞርና ወደ ታች መሳብ ለአላይነር ከባድ ሥራ ነው። ለዚህ ነው ጥርስ ላይ የጥርስ ቀለም ያላት ትንሽ ጉብታ የሚለጥፉት፤ አታችመንት ይሏታል፤ ፕላስቲኩ እሷን ይዞ ይጎትታል። የኔም ላይ አለች። ግን አልበቃትም። «እዚሁ አላይነር ላይ ቆዪ፤ ሁለት ሳምንት ይሁን» አለችኝ። ቹዊም ሰጠችኝ፤ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ለስላሳ ጥቅልል ነገር ነው። አላይነሩን አድርጋችሁ በዚያች ጥርስ በኩል ነከስ ለቀቅ ታደርጉታላችሁ። ቴሌቪዥን እያየሁ እነክሰው ነበር። ክፍተቱ ቀስ በቀስ ጠፋ። ከዚያ በኋላ በ10 ቀን ቀጠልኩ።

ያኔ በሰባተኛው ቀን ዝም ብዬ ወደሚቀጥለው ብሄድ ምን ይሆን ነበር? የሚቀጥለው አላይነር የተሠራው ጥርሷ ቦታዋ ደርሳለች በሚል ነው። አላይነሮቹ ቀድመው ተሠርተው በሣጥን ነው የሚመጡት፤ መቅረቷን አያውቁም። ክፍተቱ በእያንዳንዱ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ ጭራሽ አይገባም። ከዚያ አዲስ ስካን፣ አዲስ ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ለመቀየር ስዘጋጅ የማየው ይኼን ነበር። አላይነሩ ሳልታገለው ይገባል፣ ይወጣል? በጥርሶቼ ጫፍ ላይ ክፍተት አለ? ስነክስበት የሚያመኝ ጥርስ አለ? ሁሉም ደህና ከሆነና ሐኪሜ ያለችኝ ቀን ከሞላ እቀይር ነበር። አንዱ ከቀረ አንድ ሁለት ቀን እጨምር ነበር፤ ካልተለወጠ እደውላለሁ። አንዳንድ ክሊኒኮች አሁን በስልክ ፎቶ እያስላኩ «ቀይሪ» ወይም «ቆዪ» ይላሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ጉንጭ እየለጠጡ ፎቶ ማንሳቱ ግን ሰው ፊት የሚደረግ አይደለም።

የምቀይረው ማታ፣ ልተኛ ስል ነበር። አዲሱ አላይነር በጣም የሚጠብቀው የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ነው፤ ያንን ተኝቼ አሳልፈው ነበር። የሚያመው ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ ያም ማኘክ ላይ ነው። ዶክተሯ ማስታገሻ ካስፈለገኝ ታይለኖል እንድወስድ ነገረችኝ። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ የጥርሱን እንቅስቃሴ ሊያዘገዩ ይችላሉ ተብሎ ስለሚታሰብ አልመረጠችውም። በአዲስ አላይነር የመጀመሪያ ቀን ቆሎ አትሞክሩ።

የበፊቱን አላይነር አትጣሉ። አዲሱ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር፣ ሐኪም እስክታገኙ ጥርሱን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠፋበት ምግብ ቤት ነው፤ በሶፍት ጠቅልሎ ሰሐኑ አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ አስተናጋጇ ጠርጋ ትወስደዋለች። ሣጥኑ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ባልደረባዬ በአምስት ቀን የሚቀይረው በፖስታ የሚላክ ርካሽ አላይነር ነው። ከዚህ ዘርፍ ትልቁ የነበረው ስማይል ዳይሬክት ክለብ በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ሥራ አቁሟል፤ ሕክምናቸውን ያልጨረሱ ደንበኞች መሀል መንገድ ላይ ቀሩ። ዋጋው አጓጊ መሆኑን አልክድም። ግን ጥርሴን በዓይኑ የሚያይ ሰው ከሌለ ያቺ ትንሿ ጥርስ ስትቀር ማን ቆዪ ይለኝ ነበር? ፍጥነቱም አያጓጓኝም። ጥርስ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ይነቃነቃል፣ ሥሩም ሊያጥር ይችላል።

አላይነሩ ሲያልቅ ሪቴይነር ይመጣል፤ የተስተካከለው ጥርስ ወደነበረበት እንዳይመለስ ይዞ የሚያቆይ ነው። አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀንም ማታም፣ በኋላ ማታ ብቻ። ሪቴይነር በቀን ቆጠራ አይቀየርም። ሲሰነጠቅ ወይም ሲላላ ነው። እኔ አሁን ማታ ማታ አደርገዋለሁ። አንድ ሁለት ማታ ካለፈኝ ሲገባ ይጠብቃል፤ ያኔ ቀንም ጨምሬ አደርገዋለሁ። ጭራሽ አልገባም ካላችሁ ግን በግድ አትግፉት፤ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ።