ጫማዬን በር ላይ አውልቄ

ሰኞ ማታ ነው። የድሬ ሙቀት ገና አልበረደም። ማራገቢያው ከላይ ይሽከረከራል፣ እኔ ከሥሩ ቁጭ ብዬ የቅዳሜን ፎቶ እየለቀምኩ ነው። የትኛውን የካሜራ ሌንስ እንደምገዛ ዛሬ መወሰን ስላለብኝ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ሐረር ነበርኩ። ጀጎል ውስጥ፣ የሙሽራዋ እናት ቤት፣ የሴቶች ዝግጅት። ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም። እኔም እንጀራ የምበላው በዚህ ነው። ሴት ሆኜ ካሜራ በመያዜ ብቻ ከድሬ ተጠርቼ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ እሄዳለሁ።

የሐረሪ ቤት ውስጥ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ጫማ በር ላይ ይቀራል። ወለሉ ቀይ ነው። ነደባ የሚሏቸው መደቦች በደረጃ ከፍ ከፍ ብለው ተሠርተዋል፤ አምስት ናቸው፣ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌትና ሳህን ተሰቅሎበታል። ቤቱ ያምራል፤ ያን ዕለት ግን አብዛኛው በሰው ተሸፍኖ ነበር። ሴቶቹ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀምጠዋል። ከበሮው ይመታል፣ የሚጠጣው ሆጃ ይዞራል፣ ልጆች በመሀል ይሽሎከለካሉ። ለእኔ የቀረችው ቦታ ሁለት እግር የምታሳርፍ ናት።

ፎቶ ስጀምር የመከሩኝ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነበር ያሉኝ። “ፊፍቲ ግዢ። መቅረብና መራቅ ከፈለግሽ ሁለት እግር አለሽ።” እውነታቸውን ነው፣ ውጭ ላይ ይሠራል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን እግሬ የኔ አልነበረም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ካልኩ የአንዲትን እናት ጉልበት እረግጣለሁ። ወደ ፊት ካልኩ የሆጃ ትሪ አለ።

ፊፍቲ የምንላት ባለ 50 ሚሊዋን ሌንስ ነው። ዙም የላትም፣ ያለችው ያው ናት። የኔ ካሜራ ሴንሰሩ አነስ ያለ ስለሆነ ደግሞ እንደ 80 ሚሊ ጠበብ አድርጋ ነው የምታየው። ከሦስት ሜትር ላይ ሆኜ ባነሳባት በአግድም የምታስገባልኝ 1.3 ሜትር ያህል ነው። ሁለት ሰው፣ ተጠጋግተው ከተቀመጡ ሦስት። ነደባው ላይ አሥራ አምስት ሴት ተቀምጦ እኔ ሦስት ሦስት እያደረግኩ ልቆርጣቸው ነው? የዛሬ ዓመት እንዲሁ ዓይነት ቤት ገብቼ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። አልበሙ ሲወጣ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ መሰለ።

ያም ሆኖ ፊፍቲን አልክዳትም፤ ከስንት ጉድ አውጥታኛለች። ከካሜራው ጋር የመጣችውን 18–55 ዙም ሌንስ ጠጋ አድርጌ 55 ላይ ሳደርሳት ኤፍ 5.6 ላይ ትቆማለች። ፊፍቲ ኤፍ 1.8 ትከፍታለች። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ልዩነቱን ላልለመደው ሰው ቀላል ይመስላል፤ የሚገባው ብርሃን ግን አሥር እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በአንዷ አይኤስኦን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት ማለቴ ነው፣ 6400 አድርጌ አሸዋ አሸዋ የሚል ፎቶ የማወጣበት ክፍል፣ በሌላዋ 640 ገደማ ይበቃዋል። 160 ግራም የማትሞላ ነገር እንዲህ ስታደርግ ያስገርማል።

ችግሩ ብርሃኑ ሁልጊዜ ሊጠቅመኝ አለመቻሉ ነው። ባለፈው እዚሁ ድሬ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ፊፍቲ ናትና ብዬ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ ማለቴ ነው፣ 1/500 ሰከንድ አደረስኩት። ጭፈራ ነበር፣ እንቅስቃሴውን ቀጥ አድርጌ ልይዝ። ቤት መጥቼ ስከፍተው ፎቶው ላይ በአግድም ጠቆር ያለ ጥላ ተጋድሟል። በአንዱ ፎቶ ሙሽራው ግንባር ላይ፣ በሌላው ኬኩ ላይ። ካሜራው ተበላሸ ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለካ ችግሩ አምፖሉ ኖሯል። የኛ መብራት በሰከንድ 50 ዑደት ነው የሚመጣው፤ ርካሽ ኤልኢዲ ደግሞ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ አይምረውም። አሁን እዚያ አዳራሽ ስገባ 1/100 ላይ አድርጌ ነው የምሠራው። ጥላው ጠፍቷል፣ ፍጥነቱም አብሮ ጠፍቷል።

እና ለቅዳሜው 17–55 ዙም ተከራየሁ። ይህቺኛዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ 2.8 ናት፤ ጠጋ ሲያደርጓት አትጨልምም። ከፊፍቲ ጋር ሲተያዩ ብርሃኗ ከግማሽም ያንሳል። ክብደቷ አራት እጥፍ ነው፣ ወደ ማታ አንጓዬ ላይ ተሰማኝ። መንቀጥቀጥ መከላከያ አላት። የኔን እጅ ታረጋጋለች፤ የምትጨፍረዋን ልጅ ግን አታረጋጋልኝም፣ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ኪራይዋ የቀኑን ክፍያዬን ሲሶ በላ።

ግን አቦ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቦታዬ ላይ እንደቆምኩ 17 ላይ ነደባው በሙሉ ገባልኝ፤ ከነስፌቱ፣ ከነተጠቀለለው ምንጣፍ። ወዲያው 55 ላይ ሳዞራት ከበሮ የምትመታዋ እናት ጣቶች ላይ ነኝ። ማንንም “ትንሽ ጠጋ በሉልኝ” አላልኩም። ፍላሽ እንኳን ብዙ አላስፈለገኝም። ሁለት ሦስቴ ብቻ ወደ ነጩ ግድግዳ አዙሬ አበራሁት። አንዲት አሮጊት “ልጄ፣ ዓይኔን ተይልኝ” ስላሉኝ እሱንም ተውኩት። አንዲት ሕፃን ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በያዘ ጣቷ የተከራየሁትን ሌንስ ፊት ለፊቱን ዳሰሰችው። ልቤ ቀጥ አለች። በነጠላዬ ጫፍ አልጠረግኩትም፣ እግዜር ይመስገን፣ መጥረጊያውን ጨርቅ ይዤ ነበር።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ቤቱ ድርግም አለ። እልልታው ግን አልቆመም። የሆነ ሰው ስልኩን አበራ፣ ቀጥሎ ሌላው። በሰማያዊ ብርሃን የተሞላ ፊት ሁሉ ወደ ሙሽራዋ ዞረ። ዙሟ 2.8 ላይ አይኤስኦ 6400 ይዛ እንኳን ሹተሩ 1/25 ወረደ፣ ሁሉም ነገር ብዥ አለ። ፊፍቲ ቦርሳዬ ውስጥ ካልሲ ለብሳ ተኝታ ነበር። በጨለማ ሌንስ ቀየርኩ። ክዳኑ አምልጦኝ አንድ ስፌት ውስጥ ገባ፤ የማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፣ ክዳኑም እዚያው ቀርቷል።

በዚያች ሩብ ሰዓት ያነሳሁትን አሁን እያየሁት ነው። የሙሽራዋ ሁለት እጅ፣ ሂናው ጥቁር ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ከጎን የስልክ ብርሃን ወድቆበት። የጣት ጥፍሯ ጠርዝ ድረስ ይለያል። ከኋላ ያለው ፊቷ ቀልጦ ጥላ ሆኗል። በሥራዬ ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው ይሆናል።

ትናንት ለእናቷ ጥቂቱን በስልክ ላክሁላቸው። ይህን ካዩ በኋላ የጻፉልኝ አንድ መስመር ነው። “ፊቷ የታለ?” ሌላዋን ደግሞ፣ ሙሽራዋ ጥርት ብላ አክስቷ ከጎኗ የደበዘዘችበትን፣ ደውለው ነው የተቆጡኝ። “እህቴን ለምን አጠፋሻት?”

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ ፊፍቲን ሙሉ ከከፈቷት ጥርት የሚለው ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነው። ሙሽራዋ እዚያ ውስጥ ነበረች፣ አክስቷ አራት ጣት ወደ ኋላ ደገፍ አሉ፤ በቃ ጠፉ። እኛ ፎቶ አንሺዎች ያንን ብዥታ እንደ ማር ነው የምንልሰው፤ እርስ በርስ ስንሞጋገስም በእሱ ነው። አክስቷ ግን ከጅጅጋ ድረስ የመጡት ለመደብዘዝ አይደለም። ስልኩን ስዘጋ አፈርኩ። እናትየዋ ትክክል ናቸው።

ዛሬ ከሰዓት ከዚራ ሰፈር ጋሼ ጋ ሄድኩ። ድሮ ፎቶ ስቱዲዮ ነበረው። በድሬ ወግ አንተ ነው የምለው፤ የአዲስ አበባ ሰው ሲሰማን ይደነግጣል። ጃስሚን ዛፍ ሥር ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጧል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

“እኛ ያሺካ ካሜራ ነበረን” አለኝ። “አንድ ፊልም 12 ፎቶ። ሌንሱ አንድ ነው፣ አይፈታ አይገጠም።”

“ታዲያ ቤቱ ሲጠብህ ምን ታደርግ ነበር?”

“ሰዎቹን ነዋ! አንተ ቁጢጥ በል፣ አንቺ ልጁን እቀፊ፣ እናንተ ከኋላ ቁሙ። ሌንሱ አልንቀሳቀስም ካለ ሰው ይንቀሳቀሳል።”

“አቦ፣ ዛሬ የሙሽራን አክስት ቁጢጥ በይ በላትና ጉድህን እይ!”

እስኪያስለው ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ነገር አለኝ፤ ያነሳሻቸውን ቁጠሪ። የቱን ሌንስ እንደምትወጂ አትጠይቂኝ፣ በስንት ሚሊ ላይ ሆነሽ እንደምታነሺ ቁጠሪ።

ስለዚህ ስቆጥር ነው ያመሸሁት። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ፎቶ በስንት ሚሊ እንደተነሳ ይነግረኛል። ከቅዳሜው 840 ፎቶ ውስጥ 500 የሚሆነው ከ17 እስከ 24 ባለው ላይ ነው። ከ40 በላይ የሆነው መቶ አይሞላም። እናትየዋ ለግድግዳ የመረጧቸው አምስቱም ሰፊዎቹ ናቸው፣ ሰው የሞላባቸው።

ታዲያ ለምን ባለ 24 ሚሊ ፕራይም፣ እንደ ፊፍቲ ዙም የሌላት፣ አልገዛም አልኩ። ቀላል ነች፣ ኪስ ትገባለች። አየኋትና ለኔ ካሜራ ተብላ የተሠራችዋ ርካሽ 24 ኤፍ 2.8 ናት። ከዙሟ ጋር እኩል! ፕራይም ስለሆነች ብቻ ጨለማ አትበሳም ማለት ነው። 1.8 የሚከፍት ዙምም አለ፤ ሲግማ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው 18–35። እሱ ግን 800 ግራም ያልፋል፣ ድሬም ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። አንጓዬም እሺ አይለኝም።

ቅዳሜ ወደ መናኸሪያ ስመለስ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ቤት በኩል አለፍኩ። ሰውየው በ1883 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሐረር ሆኖ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል። ፎቶው ነጣ፣ ያጠብኩበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎ ጽፎላቸዋል። እሱ ውሃ፣ እኔ መብራት። ሐረር ለፎቶ አንሺ አንድ ነገር ሳታጎድል አትለቅም መሰለኝ።

ለማንኛውም ሌንሱን ላከራየኝ ልጅ ማምሻውን ደውዬለታለሁ። እገዛታለሁ፣ ነገ ቀብድ አመጣለሁ አልኩት። ደስ አለው። “ፊፍቲሽን ሽጪልኝና ከዋጋው ላይ እንቀንስ” አለኝ። አይሆንም አልኩት።

ለሐሙስ ሌላ ሥራ አለኝ፣ አሁንም ጀጎል። ዙሟ ካሜራው ላይ ትሆናለች። ፊፍቲ ካልሲዋን ለብሳ በግራ ኪሴ፣ በጨለማ ሳልፈልግ እንዳገኛት። ክዳን የላትም። ለእናትየዋ ደግሞ አክስትየዋ ጥርት ብለው የሚታዩበትን አንድ ከዙሟ ለቅሜ አሁን ልልክላቸው ነው።