ክሩ ከፍ ያለ አሮጌ ጊታርና ስላይድ

ድሬ ላይ ጥግ ተጥሎ አቧራ የጠጣ ጊታር ሲገኝ «ክሩ ከፍ ብሏል፣ ጣት ይጨርሳል» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ለስላይድ (ጣት ላይ ተጠልቆ ክሩ ላይ ለሚንሸራተት ቱቦ) ግን የሚፈለገው እሱው ነው። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ አግድም ከተተከሉት ብረቶች 12ኛው) ላይ ከፍሬቱ እስከ ክሩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ካለ ስላይዱ ብረት ሳይነካ ይሄዳል፤ ከ2 ካነሰ እያንኳኳ ያስቸግራል።

ድምፁም ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹና 1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በርካሽ ይሸጡ የነበሩ ብዙ ጊታሮች ከፊት ጣውላቸው ሥር ያለው ማጠናከሪያ እንጨት እንደ መሰላል አግድም የተደረደረ ነው። ድምፃቸው ደረቅ ነው፤ ቦግ ብሎ ቶሎ ይጠፋል። በስላይድ አንዱ ኖታ ሌላው ላይ ስለሚጎተት ይሄ ቶሎ መጥፋቱ ጨዋታውን ያጠራዋል። እኔ ከአዲስ ውድ ጊታር እሱን እመርጣለሁ።

ስትገዙ ብሪጁን፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበትን ፊቱ ላይ የተለጠፈ እንጨት፣ እዩ። ከኋላው ጠርዝ ሥር ስስ ወረቀት ከገባ ሙጫው እየለቀቀ ነው። ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አትወጥሩ፤ ጉተቱ ብዙ ስለሚበልጥ ብሪጁን ይነቅለዋል።

የድሬ ደረቅ ሙቀት እንጨቱን ያኮማትረዋል። መጀመሪያ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፣ ቀጥሎ የፊቱ ጣውላ ይሰነጠቃል። ከሐረር ደጋ ያወረዳችሁት ከሆነ ቶሎ ይታያል። የሚፈለገው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ በተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ አድርጋችሁ ሻንጣው ውስጥ አኑሩ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን በፍጹም አይተውም፤ የድሮ ሙጫ በሙቀት ይለሰልሳል።

ለቅኝት ኦፕን ጂ የሚባለውን (ክፍት ክሮቹ ሲመቱ የጂ ኮርድ የሚሰጠውን) እመክራለሁ፦ 6ኛው፣ ወፍራሙ ክር ከኢ ወደ ዲ፣ 5ኛው ከኤ ወደ ጂ፣ 1ኛው ከኢ ወደ ዲ። ሦስቱም የሚወርዱ ስለሆነ አሮጌው እንጨት ያርፋል። ክሩ እንዳይላላ ወፈር ያለ፣ 13 የሚባለውን (ቀጭኑ ክር 0.013 ኢንች የሆነውን)፣ ግዙ።

ትዝታ ሜጀር 1ኛው ክር ላይ ክፍት፣ ከዚያ ፍሬት 2፣ 5፣ 7፣ 9፣ 12 ነው። ለማይነር 2ን በ1፣ 9ን በ8 ተኩ። ያኔ 2ኛውን ክርም ከቢ ወደ ቢ ፍላት አውርዱት፣ አለዚያ ከዜማው ጋር ይጣላል።

ስላይዱን ትንሿ ጣት ላይ አድርጉ፣ ልክ ከፍሬቱ ብረት በላይ፤ እንደ ጣት ከኋላው ካስቀመጣችሁት ድምፁ ይወርዳል። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ ቦታውን ቶሎ ያገኛል። አትጫኑት። ከስላይዱ ኋላ የሚሰማ ዝዝታ ካለ ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም፦ ነጻ ጣቶቻችሁን ከስላይዱ ጀርባ፣ በጊታሩ ራስ በኩል፣ ክሩ ላይ በስሱ አሳርፉ።