ዲኦ ለምትማሩ፣ ስለ ፔዲያትሪክስ
ዛሬ የህፃናት ክሊኒክ ስውል ያየሁትን እዚህ አሜሪካ ኦስቲዮፓቲክ ሜዲስን (በእጅ የሚሰጥ ህክምናንም የሚያካትት፣ ዲኦ በሚባል ዲግሪ የሚያልቅ የሐኪምነት ትምህርት) ለምትማሩ ልንገራችሁ። ህፃን ስትመረምሩ እንደ አዋቂ ከራስ ጀምራችሁ አትውረዱ፣ እናቱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ ዝም ሲል ቶሎ ልቡንና ሳንባውን አዳምጡ፣ ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ ነው ምክንያቱም አንዴ ማልቀስ ከጀመረ ምንም አይሰማችሁም (ዛሬ አንዷ የዶክተሯን ስቴቶስኮፕ ይዛ አልለቅም ብላ እየተጫወተች ነው ሁሉም ያለቀው ስታምር)። የመድኃኒት ዶዝ (መጠን) በኪሎ ነው የሚሰላው፣ ሳትመዝኑ ቁጥር እንዳትናገሩ በናታችሁ! 28 ቀን ያልሞላው ጨቅላ 38 ዲግሪ ትኩሳት ካለው ደግሞ ምንም ደህና ቢመስል ዝም ብሎ ወደ ቤት አይላክም፣ ደምና ሽንት ይመረመርለታል፣ በተለይ 21 ቀንና ከዚያ በታች ከሆነ የጀርባ አከርካሪ ፈሳሽም ተወስዶ አንቲባዮቲክ ይጀመርለታል። በእጅ የምንሰራውም ህክምና ቢሆን አዋቂ ላይ እንደምናደርገው ቀጭ የሚያደርግ ግፊት ለጨቅላ አይሆንም፣ በጣም ቀስ ያለ ንክኪ ነው። ሬዚደንሲው (ከምረቃ በኋላ ያለው የስፔሻሊቲ ስልጠና) አያስጨንቃችሁ፣ ከ2020 ጀምሮ ከኤምዲዎቹ (ከመደበኛው የህክምና ትምህርት ቤት ከሚመረቁት ሐኪሞች) ጋር በአንድ ማች (የስልጠና ቦታ ድልድል) ነው የምንወዳደረው።