ለጡረተኛው የመጣ መርዶ

በጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞች ዜና ማዘጋጀት ብዙም የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። ሾፌሮቻችን ከአዳማ ተነሥተው በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርገው፣ ጋላፊን ተሻግረው ጅቡቲ ወደብ የሚደርሱ፣ ከቤታቸው ይልቅ ካቢና ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች በመሆናቸው፣ በየወሩ መጨረሻ የማወጣትን ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት የሚያዩት ቆመው፣ ያውም ሞተር ሳያጠፉ ነው። የውሎ አበል ጉዳይ ካለበት እስከ መጨረሻዋ አራት ነጥብ ድረስ ያነቡታል፤ ከሌለበት ፎቶግራፉን አይተው ያልፋሉ። ይህ ገጠመኝም የመጣው ከዚሁ ፎቶግራፍ አይቶ ከማለፍ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ወር የጋራዣችን ዋና መካኒክ 60 ዓመት ሞላቸውና ጡረታ ወጡ። ስማቸውን መጥቀስ ስለማልፈልግ፣ ግቢው ሁሉ እንደሚጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ጋሼ ድርጅቱን ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገሉ፣ ተሳቢ የያዘ መኪና ገና የግቢውን በር ሳያልፍ በፍሬኑ ትንፋሽ ብቻ የትኛው የአየር ቱቦ እንደሚያፈስ የሚናገሩ ባለሙያ ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ስልካቸውን ሌሊት ዘግተው አያውቁም። ገዋኔ በረሃ ላይ መኪና የቆመበት ሾፌር መጀመሪያ የሚደውለው ለጋሼ፣ ቀጥሎ ለሚስቱ ነው ይባል ነበር፤ ሚስቶቹም ይህን ተቀብለውት ኖረዋል።

ሥራ አስኪያጃችንን ግን በጋሼ ጡረታ ላይ አንድ ነገር ይከነክናቸው ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 በመሆኑ፣ ለጋሼ መዋጮ የተከፈለላቸው ከዚያ ወዲህ ላለው ዘመን ብቻ ነው። «በጡረታ ወረቀቱ ላይ ግማሽ ዘመናቸው የለም፤ በእኛ ወረቀት ላይ ግን ሙሉው፣ ያውም በትልቁ ይጻፍ» ብለው አዘዙ። በዚህም መሠረት ከፎቶግራፋቸው ሥር «1989 – 2017» የሚለው ጽሑፍ ከርእሱ በሚበልጥ ፊደል ተቀመጠ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አሁንም ቢሆን መልካም ነበር እላለሁ።

ፎቶግራፉን በተመለከተ፣ በግል ማኅደራቸው ውስጥ የተገኘው የተቀጠሩ ዕለት የተነሡት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ገና የ32 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ፣ አንገታቸው በክራቫት የታሰረ፣ ፊታቸውም ፖሊስ ጣቢያ ለምስክርነት እንደተጠራ ሰው የጨነቀው ነበር። አዲስ እንዲነሡ ብጠይቃቸው «ይህን ካምቢዮ ልጨርስና» አሉኝ፤ ካምቢዮው ግን ከእሳቸው ጡረታ በኋላም አላለቀም። ባለ ቀለሙ የማተሚያ ቀለም ከግንቦት ጀምሮ በግዢ ክፍል ፊርማ እየጠበቀ ስለነበር ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ ታተመ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «ክብር እንዲኖረው» በማለት ዙሪያውን ክፈፍ ይደረግለት አሉ፤ የጸሐፊዋ ኮምፒውተር ያቀረበላትም ወፍራሙን ጥቁር ክፈፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖም ነገሩ በሰላም ባለፈ ነበር፤ ዳሩ ግን በግቢያችን በር ላይ ባለ መስታወት ሁለት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች አሉ። የግራው ለድርጅቱ ዜና፣ የቀኙ ለሐዘን መግለጫ ነው። የግራው ቁልፍ ከስምሪት ኃላፊው የቁልፍ መያዣ ላይ ስለማይለይ፣ ኃላፊው ደግሞ በዚያ ዓርብ ኮንቴይነር ለመከታተል ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄደው ስለነበር፣ የበሩ ጥበቃ ወረቀቱን ተቀብለው ጥቂት አሰቡ። «ይኸኛው ባዶውን ተቀምጦ ሳለ ወረቀቱን ለምን ፀሐይ ይመታዋል?» አሉና በቀኙ ሰሌዳ ውስጥ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ በአራት መርፌ ቁልፍ ወጥረው ሰቀሉት። መስታወቱንም በክንዳቸው ጠረጉለት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ቁርጥራጩን ከየሰዉ እየለቀምሁ ነው። ወደ ማታ የገባ አንድ ሾፌር ሰሌዳውን ከካቢናው ሳይወርድ በስልኩ አነሣውና ወደ ሾፌሮች የቴሌግራም ቡድን ላከው። መንገድ ላይ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ለብዙዎቹ የደረሳቸው ምስል ብዥ ያለ ነበር፤ «በጡረታ» የሚለው መስመር አይነበብም፤ ጥቁሩ ክፈፍ፣ ፊቱና ትልልቆቹ ዓመታት ግን ከሩቅ ይታያሉ። ነባሮቹ ሾፌሮች ፊቱን ስላወቁት «ጋሼ ዐረፉ» ብለው ተላቀሱ። ጋሼን በሽበታቸው ብቻ የሚያውቁት አዲሶቹ ግን 1989ን ከ2017 ቀንሰው 28 አገኙና «ምን ዓይነት ልጅ ተቀጠፈ!» እያሉ፣ መኪናው የት ጋ እንደተገለበጠ መጠያየቅ ጀመሩ። ሚሌ ጉምሩክ ላይ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ጊዜ ስለነበራቸው ሁለቱን ወሬ አስታርቀው፣ ጋሼ ከወንድ ልጃቸው ጋር በአንድ ቀን መሞታቸውን አረጋገጡ። ጋሼ ያሏቸው ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው።

አስተዋይ ሰው በመካከል አልጠፋም፤ «እስቲ ለራሳቸው እንደውል» ያለ አንድ ሾፌር ነበረ። ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። ጋሼ በጡረታቸው የመጀመሪያ ምሽት ያደረጉት ትልቁ ነገር ያንን ስልክ አጥፍቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነበርና፣ ከዚህ በኋላ የተጠራጠረ አልተገኘም። የጋሼ ስልክ ከተዘጋ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ቅዳሜ ሌሊት አንድ ሾፌር ከአዋሽ ደውሎ፣ የተዋጣውን ገንዘብ ለማን እንደሚያስረክብ ጠየቀኝ። የምን ገንዘብ እንደሆነ እስኪገባኝ ጥቂት ፈጀብኝ። ጋሼ ጡረታ መውጣታቸውን ነገርሁት፤ እርሱም ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «እንግዲያውስ ሽማግሌዎቹ ለባለቤታቸው መርዶ ሊነግሩ ሄደዋል፤ ቶሎ ድረስ» አለኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ባጃጅ ያገኘሁት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ባጃጅ ነጂው የምሄድበትን ሲጠይቀኝ «አንድ ሰው አለመሞታቸውን ልነግር» ስለው፣ ሂሳቡን አስቀድሜ እንድከፍል አደረገኝ።

ስደርስ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩን እያንኳኩ ነበር። ከነፍሴ ሮጥሁ፤ ግን በሩ ቀደመኝ። የከፈቱት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ጋቢ ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው የአትክልት ማጠጫ ይዘዋል። የሰው ልማድ የማይለቅ ነገር ነውና፣ በዚያ ሰዓት ነጠላ ያዘቀዘቁ ሽማግሌዎች ደጃቸው ቆመው ሲያዩ ማጠጫው ከእጃቸው ወደቀ። ደሴ ያሉት ታላቅ ወንድማቸው ታመው ስለነበር «ወንድሜ! ወዮ ወንድሜ! ሳላይህ!» እያሉ ጋቢያቸውን ነጭተው ማልቀስ ጀመሩ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት የቀድሞ ሾፌር ዓይናቸው በደንብ ስለማያይ፣ የሚያለቅሰውን ሰው ትከሻ ይዘው «አይዞህ፣ በርታ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ይሏቸዋል። ሌሎቹ ሁለቱ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል።

በመጨረሻ ጋሼ ትንፋሽ ሰብሰብ አድርገው «ንገሩኝ፤ ማን ነው የሞተው?» አሉ።

ከሁለቱ አንዱ አንገታቸውን ደፍተው «አንተ ነህ» አሉ።

ጋሼ ዕንባቸውን በጋቢው ጫፍ ጠርገው «መቼ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው የተለጠፈው።»

ወረቀቱን አውጥቼ ለማስረዳት ስጀምር ባለቤታቸው ከመኝታ ቤት ወጡ፤ ማንንም ሳይጠይቁ በባላቸው ልቅሶ ላይ የራሳቸውን ጨመሩበት። ጎረቤቱም በጩኸቱ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የጫነ የድርጅታችን ኤፍኤስአር በኋላ ማርሹ እየጮኸ ወደ ሰፈሩ ገባ፤ ሾፌሩ ወርዶ ጋሼን ሲያይ በሩን እንደከፈተው ትቶ ሮጠ። ጋሼ ግን የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ነበርና ከኋላው «ክላቹን እንደዚህ እያቃጠልህ ነው እንዴ የምትነዳው!» ብለው ሲጮኹበት፣ ያን ጊዜ በሕይወት መኖራቸውን ሁሉም አመነ።

ድንኳኑ አልተመለሰም። ከመጣ ወዲያ ይተከል ተባለና ከሚሌም ከአዋሽም እየተመለሱ የሚገቡት ሾፌሮች እየተቀመጡበት ቡና ጠጡ፤ እኔ ልፅፈው ካሰብሁት የመሸኛ ግብዣ የተሻለ ሆነ። የፋይናንስ ኃላፊያችንም መጥተው ወሬው ጡረታ መሥሪያ ቤት እንዳይደርስ በጥብቅ አሳሰቡ፤ ባለ ጡረታው ቢሞት ለሚስት የሚታሰበው የጡረታው 50 በመቶ መሆኑን ሲያስረዱ ባለቤታቸው በጥሞና አድምጠው «ግማሽ ከሆነማ ይኑር» አሉ።

የቀረው ማስተባበያው ነበር። «ጋሼ በሕይወት እንዳሉ እናሳውቃለን» ብዬ ብጽፍ ሥራ አስኪያጁ ለድርጅት ወግ አይመጥንም አሉ፤ «በሙሉ ጤንነት ይገኛሉ» ስል ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ወገባቸውን እንደሚያማቸው አስታወሱን። በመጨረሻ የሐምሌው ወረቀት ላይ ስለ ጎማ እደላው ከሚናገረው ዜና በታች ቀለል አድርገን አስገባነው፤ ማንም አላነበበውም፤ በዚያው ገጽ የጅቡቲ ውሎ አበል ተጽፎ ነበርና።

ለሐዘኑ የተዋጣው ገንዘብ ግን በሾፌሮቹ እድር ስብሰባ ላይ ብዙ አከራከረ። ገንዘብ ያዡ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ለሐዘን የወጣ ገንዘብ የሚመለስበት አንቀጽ እንደሌለ በመግለጽ አልመልስም አሉ፤ ጉባኤውም ገንዘቡ በጋሼ ስም ተቀምጦ ጉዳዩ በእውነት በሚደርስበት ጊዜ ሌላ መዋጮ ሳይጠየቅ እንዲውል ወሰነ። ጋሼ በማግሥቱ ቢሮዬ መጥተው የውሳኔው ቃለ ጉባኤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂና የገንዘቡ ደረሰኝ እንዲሰጣቸው በጽሑፍ አመለከቱ። የእድሩ ማኅተም ሚሌ ላይ ተራ በሚጠብቅ አንድ ሾፌር ኪስ ውስጥ ስለሆነ፣ እስኪመጣ ድረስ በየጠዋቱ ብቅ እያሉ ይጠይቁኛል።