ሣሩ መጥቷል፣ ከብቱስ?

ያቤሎ የገባሁት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይም እዚያው ነበርኩ። ያኔ ወደ ዱብሉቅ ስንወርድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የከብት ሬሳ ስለነበር የመኪናውን መስኮት ዘግተን ነው ያለፍነው። ቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቶት ነበር። ዝናቡ የመጣው መጋቢት ላይ ነው።

አሁን ያ ቀይ መሬት አረንጓዴ ለብሷል። ሾፌራችን የቦረና ልጅ ነው። ምንም ሳይናገር መኪናውን ጥግ አስያዘና ወረደ። እኔም ተከተልኩት። ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ የሚያህል ደረቅ ሣር ገለጥ አደረግኩ። ላዩ ግራጫ ነው፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ከሥሩ ግን ጣት የሚያህል ለምለም ቡቃያ ወጥቷል። በጥር የረገጥነው ሣር፣ ሞቷል ያልነው፣ ሥሩ አልሞተም ነበር። እንባዬ መጣ።

ዱብሉቅ ያሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ ኤላዎቹ፣ ጭር ብለዋል። በበጋ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃ የሚቀባበሉባቸው ናቸው። ዝናብ ሲጥል ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ኤላው ያርፋል። ራቅ ብሎ ደግሞ በቆሎና ቦሎቄ የተዘራበት ማሳ አየሁ። በቆሎው ጉልበት አልደረሰም፣ ግን ቆሟል።

አንድ ኩሬ ዳር አንድ አዛውንት አገኘን። ሾፌሩ አስተረጎመልኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት አባ፣ ዝናቡ መጣ» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ። ከዚያ በእጃቸው ሜዳውን አሳዩኝ። «ሣሩማ ይኸው። የሚግጠው የታለ?»

ሰባ ከብት ነበራቸው። የቀሩት አራት ናቸው። ካለቁት ውስጥ ሁለቱ የሞቱት ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለበት ሌሊት ነው። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ለካ በረሃብ የከሳ ከብት ብርድና ዝናብ ሲያገኘው መቋቋም ያቅተዋል። ድርቁን ያለፈ ከብት በናፈቀው ዝናብ ሲሞት ማየት ምን ያህል እንደሚያም አስቡት።

እኔ ዝናብ ከመጣ ችግሩ ያበቃል ብዬ ነበር የመጣሁት። ሣር በሳምንታት ይደርሳል። ጊደር አድጋ እስክትወልድ ግን አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ለዚህ ነው እርዳታውም ወሬውም ሜዳው ስላማረ ብቻ መቆም የለበትም የምለው። ለእኚህ ሰው መልሶ የማገገሙ ትግል ገና አሁን ነው የተጀመረው።

ልንሰናበት ስንል አዛውንቱ እጄን ይዘው ቆዩ። እንግዳ ወተት ሳይጠጣ መሄዱ ከንክኗቸዋል። ያለችው አንዲት የምትታለብ ላም ናት፣ ወተቷም ለልጅ ልጆቻቸውና ለጥጃዋ ነው።

«ሌላ ጊዜ ስትመጣ ትጠጣለህ» አሉኝ።

በሜጋ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ጥጃዋን አቅፈው ወደ ቤት አስገቧት።